ባዶ ሆኖ የተገኘ ግድግዳ

ሙርሺዳ ከወራቤ ተነስታ ጆሃንስበርግ የገባችው በምድር ነው። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን አቋርጣለች፤ ግማሹን በጭነት መኪና ሸራ ሥር፣ ግማሹን በእግሯ። ያን ሁሉ አገር አይታ አንድም ቦታ ሐውልት አላቆመችም፣ አንድም ወንዝ በአባቷ ስም አልጠራችም። አላዋቂነት ይሆናል። ወይም ደላላው ሲያጣድፋት ጊዜ አላገኘችም።

ባሏ ተማም ቀድሟት መጥቶ ጀፕ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ብርድ ልብስ ይሸጥ ነበር። እሷ ስትደርስ ዱርንፎንቴን በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ የበቆሎ ዱቄት፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጡበት ሱቅ ተከራዩ። የሕንፃው ባለቤት ሚስተር ባልታዛር የሚባሉ ፖርቱጋላዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ፎቁ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሱቁ ድሮ የእሳቸው ዓሣና ድንች መጥበሻ ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በነጭና ሰማያዊ የሸክላ ንጣፍ ተለብጧል። በሸክላው ላይ ትልቅ መርከብ ተሥሏል፤ መርከቡ ላይ ቫስኮ ዳ ጋማ ጺሙን አንዠርግጎ ቆሟል፤ ታች ጥጉ ላይ ደግሞ ጥቂት እርቃናቸውን የሆኑ ጥቁር ሰዎች ከባሕሩ ዳር እጃቸውን ዘርግተዋል።

ሽማግሌው ሲያከራዩ አጥብቀው የተናገሩት ስለዚህ ግድግዳ ነው። ምስማር አይመታበትም፤ ዕቃ አይደረደርበትም። ስለዚህ የሱቁን ሰፊ ቦታ የያዘው ኪራይ የማይከፍል መርከበኛ ሆነ። ሙርሺዳ ዱቄቱን መተላለፊያው ላይ ከመረችው፤ ደንበኛም በጎኑ እየገባ በጎኑ ወጣ።

የኮሮና ሎክዳውን ሲታወጅ የሚስተር ባልታዛር ሠራተኛ መምጣት አልቻለችም። ሽማግሌው ሲርባቸው ወለሉን በከዘራ መደብደብ ጀመሩ። ሙርሺዳም ሾርባ እየሠራች ደረጃው ላይ ታስቀምጥላቸዋለች። እሳቸው ግን ሾርባውን ብቻ ተቀብለው አይገቡም። ሌላ አድማጭ ስለጠፋ፣ በራቸው ላይ ቆመው ርቀታቸውን ጠብቀው ታሪክ ያስተምሯታል።

«አፍሪካን እኮ ያገኘናት እኛ ነን» አሉ አንድ ቀን፣ ሾርባውን እየማጉ።

«ጠፍታ ነበር እንዴ ባባ?»

«ለዓለም ጠፍታ ነበር።»

«አይ ጉድ! ውስጧ የነበሩት ሰዎች እንዴት ተጨንቀው ይሆን?»

ሽማግሌው ፌዝ አይገባቸውም፤ ቀጠሉ።

«እነዚያ ታች ያሉት እጃቸውን የዘረጉት ለምንድን ነው?» አለች ሌላ ቀን።

«እንኳን ደህና መጣህ እያሉት ነዋ!»

«ተመለስ እያሉት ቢሆንስ?»

ሚስተር ባልታዛር ማንኪያቸውን አቆሙ። ትምክህተኛ ቢሆኑም ውሸታም አይደሉም። ነገሩን እንዳነበቡት ነገሯት፤ መርከበኞቹ የሰዎቹን ውሃ ሳይጠይቁ ቀዱ፤ ጠብ ተነሳ፤ መድፍ ተተኮሰ። ከዚያ ባሕሩ ዳር መስቀል አቆሙ። መርከቦቹ ገና ሸራቸውን ሲዘረጉ የአገሬው ሰዎች መጥተው መስቀሉን፣ መርከበኞቹ እያዩአቸው፣ ገንድሰው ጣሉት።

«ምስጋና ቢሶች!» አሉ ሽማግሌው።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አለች ሙርሺዳ፣ ሳህኑን እየተቀበለች።

በዚያው ሰሞን ወታደሮች የሱቅ ፈቃድ ሊያዩ መጡ። ተማም ወረቀቱን አወጣ፤ ወታደሩ አገላብጦ አየና መለሰለት። ነገሩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር። ሚስተር ባልታዛር ግን ጫጫታ ሰምተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ አገረ ገዥ መስለው ወረዱ።

«እነዚህ የኔ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ኃላፊው እኔ ነኝ» አሉ።

«እሺ ባባ፤ የእርስዎስ መታወቂያ?»

ካፖርታቸውን ዳበሱ። ምንም የለም።

«የት ነው የተወለዱት?»

«ሞዛምቢክ። ድሮ የኛ በነበረች ጊዜ።»

«እንግዲያ እርስዎም መጤ ነዎት።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «መጤ? የኔ ወገኖች ወደዚህ አገር መምጣት ከጀመሩ አምስት መቶ ዓመት አልፏቸዋል!»

ወታደሩ ከልቡ ገረመው። «አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሳያወጡ?»

ሙርሺዳ ማስኳ ውስጥ ሳቀች። የማስክ ጥቅም ያን ቀን ገባት።

ክረምቱ ሲገባ ከዘራው ጸጥ አለ። ሙርሺዳ ጠዋት ያስቀመጠችው ሾርባ ቀዝቅዞ ስታገኘው ደነገጠችና ተማምን ጠራችው። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ሆነው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ተማም አዝሏቸው ደረጃውን ወረደ፤ በጎረቤት መኪናም ሆስፒታል አደረሳቸው። ሙርሺዳ የዚያን ዕለት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ባልታዛርን የምትወዳቸው ግን አልመሰላትም። ድካም ነው ብላ አለፈችው።

በሳምንቱ ግን እንባዋ ደርቆ ግድግዳው ፊት ቆማ ተገኘች።

«ቦታው ባዶ ነው» አለች።

«ባለቤት አለው እኮ» አለ ተማም።

«የታለ? እኔ ማንንም አላየሁም።»

ተማም ከጀፕ ጣውላ አስመጣ። ምስማር ሸክላውን እንዳይነካ ወለሉ ላይ የሚቆም መደርደሪያ ሠሩ፤ ዱቄቱም ዘይቱም ተሰቀለ። መርከቡም ካፒቴኑም ከበቆሎ ዱቄት ጀርባ ገቡ። ደንበኛም ከዚያ ወዲህ በፊቱ መግባት ጀመረ።

ሚስተር ባልታዛር ድነው ሲመለሱ ግማሽ ሰው ሆነዋል። ተማምን ተደግፈው ከበሩ ገቡና ቀና አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አገኘሁት» አለች ሙርሺዳ።

«ምኑን?»

«ግድግዳውን። ለሱቁ ጠፍቶ ነበር።»

ተማም ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳል ቀደማቸው። ሳሉ ሲለቃቸው የዘይት ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው አዩዋት። በሽታው ያመጣው ለውጥ ይሁን አይታወቅም፣ ፌዙ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባቸው መሰለ።

«መድፍ አለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«የለኝም ባባ። ሾርባ ነው ያለኝ።»

«እሱኑ አምጪው።»

ከማግስቱ ድርድር ተጀመረ። ሽማግሌው ካፒቴኑ ነጻ ይውጣ አሉ። ሙርሺዳ ካፒቴኑ ያለበት ቦታ ለከባድ ዕቃ የተመቸ መሆኑን በትሕትና አስረዳች። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የታችኛው ጥግ ባዶ እንዲሆን ተስማሙ፤ እናም ከዚያ ሁሉ ሥዕል ብቻቸውን የታዩት ባሕሩ ዳር የቆሙት ሰዎች ሆኑ። የሰፈሩ ሰው ምን እያደረጉ ነው ብሎ ሲጠይቅ ሚስተር ባልታዛር ካርቶናቸው ላይ ሆነው መልስ ይሰጡ ነበር። መልሳቸው ከቀን ቀን እያጠረ ሄደ።

በተከታዩ ዓመት ደርባን የምትኖር ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች። አባቷን መኪና ውስጥ አስገብታ ሱቁን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ልጅ ሆኜ የዚህን ሸክላ የዓሣ ቅባት በየቅዳሜው የማጥበው እኔ ነበርኩ። ከፈለጋችሁ ነቅላችሁ ጣሉት» አለች።

«አይ፣ ይቆይ» አለች ሙርሺዳ።

ከዚያ መኪናው ዘንድ ሄዳ በመስኮቱ በኩል የሽማግሌውን ማስክ ከአገጫቸው ወደ አፍንጫቸው መለሰችላቸው። እሳቸውም ደርባን ስትመጣ ባሕር እንደሚያሳዩአት ነገሯት። ሙርሺዳ ባሕር አይታ አታውቅም ነበር። እመጣለሁ አለች፤ የምሯንም ነበር።