«አሜ» ለማለት ወደ ታኮማ

ንጋት 11 ሰዓት፣ ቡሪየን

ዝናብ ነው። ጋሽ ታደሰ እንደ ወትሯቸው ደጄ ላይ ፓርክ አድርገው ይጠብቁኛል። ኦበርን ከተማ ባለው መጋዘን አብረን ነው የምንሠራው።

«የኪን ልጅ ቴክስት አድርጋልኛለች» አልኳቸው ቀበቶዬን እያሰርኩ። «ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ታኮማ ወዳለው ቤቷ መልሰዋታል። ዛሬውኑ ድረሽ ትላለች።»

«ኪን? እኔን ጋሽ፣ አንቱ። በእናትሽ ዕድሜ ያሉትን ሴትዮ ግን ኪን!»

አፈርኩ። በርማዊቷ ኪን አራት ዓመት ሙሉ ከጎኔ ካርቶን ስታሽግ ኖራለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ተሚ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለት ነው። በአገሯ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም፤ የማያውቁትን ባለታክሲ እንኳ አጎቴ፣ ወንድሜ ይሉታል። ትልቅ ሴት «ዶ» ናት፣ አክስት። እንደ እናት የቀረበች ደግሞ «አሜ»። ይህን ሁሉ በምሳ ሰዓት የሻይ ቅጠል ሰላጣዋን እያካፈለች ነግራኛለች። እኔ ግን ባጇ ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ስጠራ ኖርኩ።

1 ሰዓት፣ ኦበርን

ሱፐርቫይዘሬን ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ምንሽ ናት?»

እናቴ ናት ብላት ትለቀኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሸት መሰለኝ።

«የሥራ ጓደኛዬ» አልኳት።

«እንግዲያው ፈረቃሽን ጨርሰሽ ሂጂ።»

8 ሰዓት፣ የታኮማ መንገድ

ከባድ መኪናዎች ተደርድረዋል፤ መንገዱ አይላወስም። ጋሽ ታደሰ ሊያደርሱኝ ይዘውኝ ወጥተዋል። «አሜ፣ አሜ» እያልኩ ስለማመድ ሬዲዮውን ዘጉልኝ።

«በርቺ፣ ይሰሙሻል። ጆሮ ከሁሉ ኋላ ነው የሚደክመው።»

9 ሰዓት ተኩል፣ ታኮማ

ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል። የእኔንም ከዳር አስቀመጥኩ። የዶ ኪን ልጅ በሩን ከፈተችልኝ፤ ፊቷን ሳይ ገባኝ።

«አምስት ሰዓት ላይ አረፈች» አለች።

ዶ ኪን ነጭ አንሶላ ለብሰው ተኝተዋል። ጠዋት ብመጣ በሕይወት አገኛቸው ነበር። ተንበርክኬ «አሜ» አልኩ። እንደገና አልኩ፤ ከዚያ እንባዬ ቀደመኝ።

ልጃቸው ትከሻዬን ይዛ «ኚማ» አለችኝ። ታናሽ እህቴ ማለት ነው። ከእንግዶቹ ለይታ ከልጆቻቸው ጎን ምንጣፍ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ጠዋት ሙሉ ስለ አንቺ ስትጠይቅ ነበር። ምን አዘገየሽ?»

«አልለቅም ብለውኝ ነው» አልኳት። «የሥራ ጓደኛዬ» ማለቴን ዋጥኩት።

ለሱፐርቫይዘሬ አልዋሽም ያልኩት እኔ፣ ለእህቴ ዋሸሁ።