የአስተርእዮ ማርያም ገብስ

ነገረ ፈጅ ሆኜ ደብረ ታቦር መመደቤን ስነግረው አባቴ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ይፋግ ላይ የቅኔ መምህር ነበር። በእሱ ዕድሜ ነገረ ፈጅ ማለት በምላሱ የድሃ ርስት የሚያስነጥቅ፣ ከሁለቱም ወገን የሚበላ ሰው ነው። በአራተኛው ቀን ዘመኑ እንደተለወጠ፣ የምሠራው ለመንግሥት ድርጅት እንደሆነ፣ ደመወዜም በወር የሚከፈል እንደሆነ አስረዳሁት። «ይባስ» አለና ዳዊቱን ገለጠ።

ድርጅቱ ከገበሬ ማኅበራት የቢራ ገብስ እየገዛ ለፋብሪካ የሚያቀርብ ነበር። የእኔ ሥራ ደግሞ ነገር ከተበላሸ በኋላ መክሰስ ነው። ውል ሲረቀቅ አልጠራም፣ ሲፈረም አልጠራም። ወረቀቱ ወደ እኔ የሚመጣው ፊርማና ማኅተም ካረፈበት በኋላ ነው፤ ያውም ተቀዶ ወይም ተጣልተውበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ተረት ለእኔ የሥራ ዝርዝር ሆኖ ተሰጥቶኝ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ለሥራ አስኪያጁ ውሎች ሳይፈረሙ በፊት እኔ ባያቸው እንደሚሻል ነገርኩት። ሕግ ክፍል የተቋቋመው ለክስ ነው፣ ለመፈረም ብዕር ይበቃል አለኝ። በሩን ጎትቼ ዘጋሁበት። ያን ጊዜ በር መዝጋት ልማዴ ነበር፤ ማጠፊያው ሁለቴ ተጠግኗል።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልበል። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ካኪ ለባሽ፣ የዓመቱን ዕቅድ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጠዋት ጠዋት እንደ ሐኪም የሚመረምር ሰው ነው። ዕቅዱ ካልሞላ እሱም የሚጠይቀው አለበት። በዚያ ዘመን ሁሉም ከበላዩ ያለውን ይፈራ ነበር፤ እኔም አንዷ ነኝ።

ከጋፋት ማዶ ካለ አንድ የገበሬ ማኅበር ጋር የተደረገውን ውል ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ጽፎ ላከው። የጭነት መኪኖች ጥር ሃያ አንድ ቀን ይደርሳሉ፣ ገብሱም በዚያው ቀን ተጭኖ ይነሣል ይላል። የጻፈው ሰው ጥር ሃያ አንድ አስተርእዮ ማርያም መሆኗን ያውቅ ከሆነ እንጃ። በእኛ አገር ሃያ አንድ በየወሩ ግዝት ነው፤ ካህናቱ ሥራ እንዳይሠራ ያወገዙበት ቀን ማለት ነው። አይታረስም፣ አይወቃም፣ አህያ አይጫንም። አንድ ሰው ግዝቱን ቢሽር በረዶ የጎረቤቱን ማሳ ሁሉ ይመታል ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚቆጣው እግዜር ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። የጥሯ ማርያም ደግሞ ከወር ወሯ ሁሉ የከበረች ናት።

ውሉ ሲነበብላቸው የማኅበሩ ሊቀመንበር ምን እንዳሰቡ በኋላ ራሳቸው ነግረውኛል። የአገሩ ሰው ቀን የሚቆጥረው በታቦት ነው። «ለማርያም እንገናኝ» ያለ ሰው ማርያምን አብሮ አክብሮ በማግስቱ ጉዳዩን ይጨርሳል። ስለዚህ መኪኖቹ ለበዓሉ ይመጣሉ፣ ሹፌሮቹ እንግዳ ሆነው ያድራሉ፣ ሲነጋ ይጫናል ብለው አሻራቸውን አደረጉ። መንግሥትን የሚያህል ነገር በአስተርእዮ ዕለት ጆንያ አሸክሙኝ ይላል ብሎ ማን ያስባል? ሥራ አስኪያጁ በበኩሉ በአብዮት ዘመን ገበሬ ለበዓል ብሎ ሥራ ያቆማል ብሎ አላሰበም። መሃል ላይ ቆሞ ለሁለቱም የሚያስረዳ ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ እንዳልል ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለቱ መኪኖች በቀኑ ደረሱ። መንደሩ ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኙት። ሹፌሮቹን ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ ጠላ አጠጧቸው፣ እደሩ ብለው ለመኑ። እነሱ ግን ዛሬውኑ ተመለሱ ተብለው ስለታዘዙ በልተው ጠጥተው ባዶ መኪና ይዘው ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፤ አሻጥር። በማግስቱ ሊቀመንበሩ ከተማው ፖሊስ ጣቢያ ታስረው ዋሉ።

ዛሬ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ያ ቃል ቀላል ይመስለው ይሆናል። በኢኮኖሚ አሻጥር የተጠረጠረን ሰው ያን ጊዜ ዘመድ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቅለት። የአውራጃው ባለሥልጣን ሽማግሌውን ሊቀመንበር ወደ ጎንደር ለመላክ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከድርጅቱ ሕግ ክፍል አንቀጽ ተጠቅሶ የተጻፈ ክስ። ሕግ ክፍል ማለት ደግሞ እኔ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና አንድ የሚንገዳገድ ወንበር ነን። እስከ ነገ ጠዋት ጽፈሽ አምጪ ተባልኩ።

በማግስቱ ቢሮ ልገባ ስል የሊቀመንበሩ ሚስት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። የነጠላዬን ጫፍ ያዙ።

«በሕግ አምላክ» አሉኝ።

በእኛ አገር ይህ ከተባለ የሚሮጥም ይቆማል፣ ዱላ ያነሣም ያወርዳል። ቆምኩ።

«የሰውየው ጥፋት ምንድን ነው? ማርያምን ማክበሩ ነው?»

በሥራ አስኪያጁ ተናድጄ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት ተናድጄ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሴ አፍሬ ነበር። ገብሱ የት እንዳለ ጠየቅኋቸው። የት ይሄዳል ብለው ተገረሙብኝ፤ በጆንያ ታስሮ በማኅበሩ ቤት እንደተደረደረ አለ፣ መኪኖቹ አንድ ሌሊት ቢታገሡ ኖሮ ሲነጋ ይጫን ነበር አሉ። ገብሱ አልተሸጠም፣ አልተደበቀም፣ አልነቀዘም። ልቤ የበረታው ያን ጊዜ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብብቴ ውስጥ ይዤ ገባሁና ክሱን አልጽፍም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሣ። ሕጉ አንዱ ወገን ውል አፍርሷል ከማለት በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጊዜ እንዲሰጠው እንደሚያዝ አነበብኩለት። እኛ ያደረግነው ማስጠንቀቅ ሳይሆን ማሰር ነው አልኩት።

«ለመሆኑ አንቺ የማን ጠበቃ ነሽ?» አለኝ።

«የእርስዎ ነኝ። የማልጽፈውም ለዚህ ነው።»

ከዚያ ያለ ማቋረጥ ተናገርኩ። ሽማግሌው ጎንደር ሲሄዱ መዝገቡ አብሮ ይሄዳል፤ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያለ ማስጠንቀቂያ ያሳሰረውን ነው። ለከርሞም አንድ ገበሬ እንኳ አሻራውን ወረቀታችን ላይ አያሳርፍም። ዕቅዱን የሚሞላው ገብስ ነው እንጂ እስረኛ አይደለም። ይህን ስል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ በጣቴ አሳየሁት። አየውና ተመልሶ ተቀመጠ። ስንት ቀን ትፈልጊያለሽ አለ፤ አምስት አልኩ፣ ሦስት አለ። ገብሱ በሦስት ቀን ካልገባ ክሱን ከሥራ መልቀቂያዬ ጋር አድርጌ እንዳመጣ ነገረኝ። በዚህኛው ቀን በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ማስጠንቀቂያውን ራሴ ተየብኩ፣ አስፈረምኩ፣ ራሴም ይዤ ሄድኩ። የሰጠሁት ጊዜ ውስጥ ግዝት እንዳይገባበት አስቀድሜ በጣቴ ቆጥሬያለሁ፤ የቅኔ መምህር ልጅ መሆን ለመንግሥት ሥራ የጠቀመው ያን ዕለት ይመስለኛል። በቢሮ ጫማ ጋፋትን አልፌ ስደርስ ተረከዜ ተልጧል። ሰዎቹ በደጀ ሰላሙ ተሰብስበው ማስጠንቀቂያውን ከውሉ ጋር ሳነብላቸው አዳመጡኝ። አንድ ቄስ ይህ ዛቻ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ዛቻ አይደለም አባ፣ ሕግ ሰውን ከመውቀሱ በፊት የሚሰጠው ዕድል ነው አልኳቸው። መኪናው መቼ ይመጣል አሉ። መኪኖቹ ሌላ አውራጃ ሄደዋል፣ መኪና የለም አልኩ። ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«መኪና ሳይመጣም አገሩ ነበር። አህያ ያለው አህያውን ያምጣ፣ የሌለው ጀርባውን።»

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከጋፋት በኩል የሚመጣው መንገድ በአህያ ተሞላ። የከተማው ሰው ሱቁን እየተወ ወጥቶ ያይ ነበር። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ የሊቀመንበሩ ሚስት ከጎናቸው፣ ከኋላ ጆንያ ተሸካሚው ጎረምሳ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ ከቢሮው ወጣ፤ ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። የመጋዘኑን በር ክፈቱ አለ። ከገበሬዎቹ ግን አንድም ጭነት የፈታ የለም።

ቄሱ ቀረብ ብለው ውሉ የሚለውን አስታወሱት። ገብሱን የሚያስረክበው፣ በርክክቡም ላይ አሻራውን የሚያኖረው የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው ይላል። ሊቀመንበሩ ይምጡና ያስረክቡ። ሥራ አስኪያጁ ዞሮ አየኝ። እውነት ነው ወይ አለኝ። እውነት ነው፣ ሌላ ሰው ቢያስረክብ ርክክቡ አይጸናም አልኩ። ያን አንቀጽ በደጀ ሰላሙ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ድምፄንም እዚያ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጌ እንደነበር አልክድም።

ድርጅቱ በሰውየው ላይ አቤቱታ የለውም የሚል ደብዳቤ ቆሜ ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ካነሣ በኋላ መለሰውና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። «እስቲ ሳልፈርም ደግመሽ እዪው» አለ። የጻፍኩትን ወረቀት ደግሜ አነበብኩ፤ አንዲት ነጥብም ጨመርኩ። ከዚያ ፈርሞ በእግሩ ወደ ጣቢያው ሄደ፤ ሲመለስ ሽማግሌው ከጎኑ ነበሩ። እልልታው ሲነሣ አህዮቹ ደንብረው ሁለት ጆንያ ወደቀ፣ ማንም ግድ አልሰጠው። ሊቀመንበሩ የእስር ቤቱን አቧራ እንኳ ሳይታጠቡ በየጆንያው ላይ እጃቸውን እያሳረፉ አስረከቡ። እኔ ከመጋዘኑ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ፣ ደስታ ነው።

ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ወደ እኔ ሳይመጣ የተፈረመ ውል ጥቂት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ሥራ አስኪያጁ ራሱ በስብሰባ ላይ ይጠቅሰው ጀመር፤ ሐሳቡ የእሱ እንደነበር ሲናገርም ሰምቻለሁ፣ ይሁንለት። ዋናው መሥሪያ ቤት ቀን ሲቆርጥ ከቅርንጫፎቹ እየጠየቀ እንዲሆን ጻፍን፤ እሺ ተባለ። ብዙ ጊዜ ተከራክሬ የተረታሁበትም አለ። ግን የተረታሁት ወረቀቱ ገና ነጭ ሳለ ነው፤ ሰው ከታሰረ በኋላ አይደለም።

በዓመቱ ለአዲሱ ውል ሊቀመንበሩ መጡ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ የቀለሙንም ሣጥን ከፍቶ አቀረበላቸው። እሳቸው እጃቸውን ከጋቢው ሳያወጡ እኔን ተመለከቱ።

«እሷ ታንብብልኝ» አሉ።

ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ እኔ የድርጅቱ ሰው መሆኔን፣ የምመክረውም ለድርጅቱ እንደሆነ አስታወሳቸው።

«አውቃለሁ። ለእናንተ ብላ እውነቱን ስትነግራችሁ ነው እኔ የወጣሁት። ታንብብ።»

አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ቀን ቀኑ ላይ እየቆምኩ። እንደዚያ ዕለት በሙያዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም። ስጨርስ ሽማግሌው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ እጃቸውን ከጋቢው አወጡ፣ ጣታቸውንም ቀለሙ ላይ ጫኑ።