መጨረሻውን የማይቀበሉት ጥበቃ

የምሠራበት የቴሌቪዥን መሸጫ በር ላይ የሚቆሙት ጥበቃ ኮታቸው ይሰፋቸዋል። ከኮቱ ኪስ ሽፋኑ በፕላስተር የተጠጋገነ መጽሐፍ አይጠፋም። ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ ነው፤ አንዲት ወጣት ከቤቷ እንደወጣች ደብዛዋ ይጠፋል፣ የሚወዳት ሰው ፍለጋ ይወጣል። ታሪኩ ለቴሌቪዥን ፊልም ተሠርቶ ከሰዓት በኋላ በየጊዜው ይደጋገማል። እኛም ለደንበኛ ማሳያ ብለን ሃያውንም ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍተን እንከፍተዋለን።

ድምፁ እሳቸው ናቸው።

«አሁን ‹ተመለስ፣ እዚህ የለችም› እያሉት ነው» ይሉናል። «መጽሐፉ ላይ ደግሞ ዝናብ የሚባል የለም። ምን አለ እንዳለ ቢሠሩት!»

ፍተሻቸው ግን ግራ ያጋባል። የወንዱን ቦርሳ ገና ከሩቅ ይቀበላሉ። ወጣት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቷን ነው። አንዳንዷ «ምን ያፈጣሉ?» ብላ ትቆጣለች።

«ይቅርታ፣ ወጥታ የቀረች ልጄን መስለሽኝ ነው» ይላሉ።

ትናንት በሃያውም ቴሌቪዥን ላይ ልጅቷ ተገኘች፤ ሰውየው እያለቀሰ አቀፋት። ጥበቃው ለቴሌቪዥኖቹ ጀርባቸውን ሰጡ።

«ዋሽተዋል» አሉ። «መጽሐፉ ላይ አትገኝም።»

መጽሐፉን ባለፈው ወር ራሳቸው አውሰውኝ አንብቤዋለሁ። ትገኛለች።

«ልክ ነዎት፣ አባባ» አልኳቸው።

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ቦርሳዋን ከፍታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን አዩት፣ ቆይተው አዩት። እሷ አይደለችም።

«ግቢ፣ ልጄ» አሉ፣ ቦርሳዋን መፈተሹን ረስተው።