የሰርጋችን ሲዲ ወፍ ጠባቂ ሆነ

ዛሬ ግራና በምትባለው የገጠር ከተማ፣ ከባለቤቴ ጋር በአማቴ የማሽላ ማሳ በኩል ስናልፍ፣ የሙሽርነት ፊቴ ሲባጎ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሽከረከር አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ አባ ሰይድ «ማሽላውን ወፍ ጨረሰብኝ» ሲሉኝ፣ ወልድያ ቤታችን የተከመረውን አሮጌ ሲዲ ሁሉ ላክሁላቸው። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል።

«ሲሰበር ስለታም ነው፤ እንዳይቆርጡት። በቀዳዳው ሲባጎ አስገብተው ይስቀሉት» ብዬም መከርኳቸው። መካሪው ግን የሚልከውን አላየም። ፎቷችን የታተመበት የሰርጋችን ሲዲ አብሮ ሄዷል!

«አባባ፣ ይሄ እኮ ሰርጋችን ነው!» አልኳቸው፣ ማሳው ዳር የቆሙትን አማቴን።

«አውቄዋለሁ እንጂ! ሌላው ሲያብለጨልጭ ወፏ ትንሽ ሸሽታ ትመለሳለች። ያንተ ፊት ያለበት ጋ ግን ድርሽ አትልም፣ አልሃምዱሊላህ።»

ባለቤቴ ሲዲውን ፈታ አወረደችው። አለቀልኝ አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ በሻሿ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና መልሳ ሰቀለችው። ያውም ከፍ አድርጋ።

«ተወው፣ ይሥራበት» አለችኝ። «ከተጋባን ወዲህ ለቤተሰቤ ስትሠራ ያየሁህ ገና ዛሬ ነው።»

የእናንተስ የሰርግ ሲዲ የት ነው ያለው? ለምን አገልግሎት እንደዋለ ጻፉልኝ እስቲ፤ እኔ እንኳን ማሽላ እየጠበቅሁ ነው።