አርሳ የማታውቅ ትራክተር

ኦርሊን ሆቨን ላሞቹን ከሸጠ ወዲህ በረቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ላም ትታሰርበት በነበረው ቦታ ሁሉ አንዳንድ ትንሽ ትራክተር ቆማለች። ትልልቆቹን የእርሻ ትራክተሮች ማለቴ አይደለም። የጓሮ ትራክተሮች ናቸው፤ ሰው ተፈናጥጦባቸው ሣር የሚያጭዱ፣ ከኋላ ማረሻ ሲቀጠልላቸው የድንችና የቲማቲም መደብ የሚያርሱ፣ ቁመታቸው ከጥጃ የማይበልጥ። ሁሉም ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት ከፋብሪካ የወጡ ናቸው፤ ከመካከላቸው አፈር የነካ ግን አንድም የለም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚገኘው ከሟች ቤት ነው። በእኛ በዊስኮንሲን ገጠር ሰው ሲሞት ልጆቹ ከየከተማው ይመጡና ዕቃውን ከማንኪያ እስከ መኪና ሜዳ ላይ ዘርግተው በጨረታ ይሸጡታል። መጋዘኑ ሲከፈት አንዳንዴ ከጥግ፣ ከሸራ ሥር፣ የአዲስ ጎማዋ ጥቃቅን ፀጉር እንኳ ያልረገፈ ትራክተር ትወጣለች። የእኛ ሰው ደህና ነገር ከገዛ ይሳሳለታል እንጂ አይሠራበትም። «መጀመሪያ አሮጌው ይለቅ» ይላል። አሮጌው ሳያልቅ እሱ ያልቃል። ኦርሊን እያፈላለገ የሚገዛው እንዲህ ያሉትን ነው፤ ለዚህም ብሎ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፒካፑ ላይ ተሳቢ አስሮ ከጨረታ ጨረታ ይዞራል።

«ኦርሊን የማይታለብ ላም ያረባል» እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበታል።

«ቢያንስ አይራገጡም» ይላቸዋል እሱ።

ሚስቱ አርዲስ ዕድሜዋን ሙሉ ጓሮዋን የቆፈረችው በእጇ ነበር። በረዶው ቀልጦ አፈሩ ሲላላ ወገቧን ታስርና ካሮቷን፣ ባቄላዋን፣ ሽንኩርቷን ለመትከል ትወርዳለች። አንድ ዓመት ጀርባዋን ይዛ ቀና አለችና «ኦርሊን፣ አንዲት ትንሽ ትራክተር ብትገዛልኝ ምን ይልሃል?» አለችው። «አንሶላ ለምታክል መሬት?» ብሎ ሳቀባት። ዳግመኛ አልጠየቀችውም። እሷ ከሞተች በኋላ በሄደበት የመጀመሪያው ጨረታ ላይ አንዲት ያልተነካች ቀይ ትራክተር አየና ለምን እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው ገዛት። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለም።

ገዝቶ ያጥባቸዋል፣ ይወለውላቸዋል፣ ያቆማቸዋል እንጂ አያስነሳቸውም። ለምን ሲባል «ዋጋቸው አለመነካታቸው ነው» ይላል። እኔ ግን አላምነውም። አንዷን አስነስቶ አንድ ፈር ቢያወጣባት፣ አርዲስን የከለከላት ነገር ምን ያህል ቀላል እንደነበር በዓይኑ ሊያይ ነው። ይህን ነው የሚፈራው።

ባለፈው ሚያዝያ በወዲያኛው አውራጃ የአልቪን ብሬመር ዕቃ ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ሰማና ገሰገሰ። መንገድ ላይ የተሳቢው ጎማ ፈንድቶበት ሲደርስ ጨረታው ተጋምሷል። አጫራቹ ቨርን ኦልትማን ጋሪ ላይ ቆሞ አንዲት ቢጫ የጓሮ ትራክተር ላይ ይጮኻል። ኦርሊን ሲያያት ልቡ ዘለለ። ማረሻዋ እንኳ ቀለሙ አልተላጠም!

ከፊት አንዲት ሴት ብቻ እጇን አንሥታለች። ሌላው ሰው እጁን ኪሱ ከትቶ የጫማውን ጫፍ ያያል።

በእኛ አገር ያልተጻፈ ሕግ አለ። ከሟች ቤተሰብ አንዱ ለአንድ ዕቃ እጁን ካነሣ፣ ሌላው ዝም ይላል። ዕቃው በርካሽ ለቤተሰቡ ይቀራል፤ ስለ ነገሩም ማንም ትንፍሽ አይልም። ኦርሊን ይህን ሕግ አሳምሮ ያውቀዋል። ሰዉን ሁሉ በሚያውቅበት በራሱ አውራጃ ቢሆን ዝምታው ወዲያው ይገባው ነበር። ቨርንም ጨረታውን ሲጀምር «ይቺ የሟቹ ልጅ ሎርና ናት» ብሎ ለሁሉም አስተዋውቋል፤ ያን ጊዜ ግን ኦርሊን መንገድ ላይ ጎማ ይቀይር ነበር። አሁን የሚያየው ረጅም የከተማ ካፖርት ለብሳ ስስ ጫማዋን ጭቃ ያበላሸባትን ሴት ነው። «ነጋዴ ናት» አለ በሆዱ። «ወስዳ ምግብ ቤት በር ላይ ለጌጥ ልታቆማት ነው። እነዚህ ሞኞች ደግሞ ምን እንደያዙ አያውቁም።»

«ሁለት መቶ! ሁለት መቶ ከዚህ! የሚጨምር?» አለ ቨርን፤ ሲናገርም የሚጨምር ይመጣል ብሎ አልነበረም።

«ሦስት መቶ!» አለ ኦርሊን ከኋላ።

አጫራቹ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን አልክ?» አለው።

«ሦስት መቶ ነው ያልኩህ፤ ጆሮህን ብርድ በላው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ሴትዮዋ ዞራ አየችው። ጨመረች፤ ጨመረ። ደግማ ጨመረች፤ እሱም ጨመረ። ፊቷ ደም መሰለ፣ እጇ ወረደ፤ ቨርንም እያመነታ «ተሸጠ» አለ። ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠውን ሰው ሊከለክለው አይችልም። ኦርሊን ለሴትዮዋ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ፈገግ አለላት፤ ያሸነፈ ሰው ፈገግታ። እሷ ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ሎርና ትራክተሯን የፈለገቻት ለእናቷ ነበር። አልቪን ያቺን ቢጫ ለሚስቱ ለቫዮላ ገዝቶላቸው ነበር፤ ግን ሳሳላትና ሸራ አለበሳት። ቫዮላ በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ «ዘንድሮስ ቢጫዋ ትወጣለች?» ይላሉ፤ አልቪንም «ለከርሞ» ይላል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። አርባ ዓመት እንዲህ ሄደ። አሁን አልቪን ሞቷል፤ ቫዮላም በአረጋውያን መጦሪያ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሁሉ ረስተው ከሕይወታቸው የቀረቻቸው ይህችው ጥያቄ ነች። በየማለዳው ይጠይቃሉ። ሎርና ይህች ጥያቄ ሳትጠፋ መልሷን ልታሳያቸው ቸኩላ ነበር።

ኦርሊን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቀም። ያወቀው ትራክተሯን ተሳቢው ላይ ሲጭን ማንም እንዳላገዘው ነው። በእኛ ዘንድ በጨረታ ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው ብቻውን አይተውም፤ ጠላቱ እንኳ መጥቶ ይገፋለታል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ፓይ የሚባለውን የፍራፍሬ ኬክ ወደሚሸጡበት ጠረጴዛ ቢሄድም አንዷ ቀና ብላ ሳታየው «ሂሳቡን ጣሳው ውስጥ ያድርጉት» አለችው። «ምቀኞች!» እያለ ወደ ቤቱ ነዳ። አንድ ሰው «አንተ ሰውዬ፣ የሟቹ ልጅ እኮ ናት» ቢለው በዚያች ደቂቃ መልሶ ያስረክባት ነበር። ግን የእኛ ሰው የሚያስቀይም ነገር ሲያይ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ይላል፤ ይህንንም ጨዋነት ይለዋል። እኔ ለዚህ ጨዋነት ብዙም ፍቅር የለኝም።

ጸደዩ አለፈ፣ በጋው ገባ። ኦርሊን ቢጫዋን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ወለወላት። ለመጣው ሁሉ «ከነጋዴ እጅ ነው የነጠቅኳት» ይላል። በነሐሴ የአሮጌ ትራክተሮች ትርኢት ሲደረግ ይዟት ሄደ፤ ሰውም ከበባት። ከሰዓት በኋላ ያ አጫራች፣ ቨርን ኦልትማን፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠ መጣ።

«ዝናቡ ደህና ነው ዘንድሮ» አለ ቨርን።

«ደህና ነው፤ በቆሎውን ትንሽ ንፋስ ጣለው እንጂ።»

«በእኛም በኩል ጥሎታል።» ቨርን በቆሎውን ጨርሶ ቆረቆንዳውን እጁ ውስጥ አገላበጠው። «ይቺ የአልቪን ናት መቼም።»

«እሷው ናት። ያቺ ነጋዴ ልትወስዳት ነበር እኮ!»

ቨርን መሬት መሬት አየ። «ነጋዴ አይደለችም፣ ኦርሊን። ልጁ ናት።»

«የማን ልጅ?»

«የአልቪን። አንተ አርፍደህ ነው የመጣኸው። እኛ ሁላችን እጃችንን ኪሳችን የከተትነው ለእሷ ብለን ነበር።» ከዚያ የቫዮላን ነገር ነገረው፤ የቢጫዋን ጥያቄ፣ የመጦሪያውን፣ ሁሉንም።

ኦርሊን ያን ፈገግታውን አስታወሰ። ባርኔጣውን የነካበትን ሁኔታም አስታወሰ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው ስልክ መደወል አቃተው?»

«እንዴት ተብሎ ይጀመራል እንዲህ ያለ ነገር?» አለ ቨርን።

ትርኢቱ ሳያልቅ ትራክተሯን ጭኖ ነዳ። ሎርናን ያገኛት መጦሪያው በር ላይ ነው። ወዲያው አወቀችው፤ ፊቷን አጠቆረች።

«ይዤልሽ መጥቻለሁ» አለ። «ገንዘብ አልፈልግም። አላወቅኩም ነበር። በእግዜር፣ አላወቅኩም።»

ሎርና ተሳቢው ላይ ያለችውን ቢጫ አየቻት። «ጎረቤታችን ጓሮውን በራሱ ትራክተር አርሶልን ነበር» አለች። «እማዬን በተሽከርካሪ ወንበሯ ወስጄ አሳየኋት። ‹ይሄ የጎረቤት ነው፤ ቢጫዋስ?› አለችኝ። ከዚያ ቤቱ ተሸጠ፤ የገዙት ሰዎች ሰኔ ላይ ገቡ። እሷም ሰኔ ላይ መጠየቅ ተወች።»

«ተዉ ማለት?»

«አንድ ቀን ጠዋት አልጠየቀችኝም። በማግስቱም አልጠየቀችኝም። ይውሰዷት እባክዎ። የምትጠቅመው እማዬ እየጠየቀች ሳለ ነበር። አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሆነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይመለስ ነበር። ኦርሊን ግን ለመነ። መጦሪያው ከኋላ ማንም የማይጠቀምበት ሣር አለው፤ ኃላፊዋን አስፈቅዶ እዚያ ያርሳል፤ ቫዮላ በመስኮት ያዩታል። ምናልባት ሲያዩ ትዝ ይላቸዋል። ሎርና እንባዋ መጣ። «ካሉ ይሞክሩ» አለችው።

ያን ሳምንት በረቱ ውስጥ ትራክተሯን ፈታታት። የደረቀውን የነዳጅ ቱቦ ቀየረ፣ በሞተሩ ውስጥ ዘይት አፍስሶ በእጁ እያዞረ አላቀቀው። እንደምትነሣ እርግጠኛ አልነበረም፤ አርባ ዓመት የቆመ ነገር ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ስትነሣለት፣ ያ ትንሽ ሞተር በበረቱ ውስጥ ሲንደቀደቅ፣ ሽማግሌው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያለቀሰው ለአርዲስ ነው። ለነዳጅ ቱቦ ዋጋና ለአንድ ሳምንት ድካም ብሎ ነበር የሳቀባት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አረሰ። ማረሻዋ ሣሩን ገልብጣ ጥቁሩን አፈር አወጣችው፤ ፈሩም ቀጥ ብሎ ሄደ። አዛውንቶቹ ከየመስኮቱ አዩት፤ አንዱ ሽማግሌ «ጥልቀቱን ቀንሰው!» ብለው ጮኹበት። ኦርሊን በዞረ ቁጥር ወደ ቫዮላ መስኮት ያያል። በመስታወቱ ውስጥ ነጭ ፀጉራቸው ይታየዋል፤ ፊታቸው ግን አይለይም። አልቪን አርባ ዓመት «ለከርሞ» እያለ ያላረሰላቸውን ጓሮ የሚያክል ገለበጠና ሞተሩን አጠፋ።

ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ቫዮላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሎርና ለስላሳ ምግብ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ኦርሊን በሚያመው ጉልበቱ ወንበራቸው ሥር ተንበረከከ።

«ወይዘሮ ቫዮላ» አለ። «ቢጫዋ ወጥታለች። አርሳለችም። ይኸው፣ ይመልከቷት።»

አሮጊቷ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ተንበርክኮ ያለውን እንግዳ ሰው አዩና በደግነት ፈገግ አሉለት።

«የምን ቢጫ ነው፣ ልጄ?» አሉት።