ከሦስቱ ምርጫዎች ውጭ

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኛል። እዚህ ሜልበርን ቁጭ ብዬ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚዋጉ ምናባዊ ወታደሮች እንደ ሰው እንዲወስኑ ሕግ እጽፍላቸዋለሁ። በቀደም አለቃዬ «ወታደሮችህ ሰው አይመስሉም፤ የተዋጋ ሰው ጠይቅ» አለችኝ። ኮሊንግዉድ በሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ወደሚኖሩት ወደ ጋሼ ታደሰ ሄድኩ። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ወታደር ነበሩ።

ላፕቶፔን ከፍቼ «ጋሼ፣ ጠላት ድንገት አጠገብዎ ቢደርስ ይተኩሳሉ፣ ይደበቃሉ ወይስ ያፈገፍጋሉ?» አልኳቸው።

ላፕቶፑን ትክ ብለው አዩት። ያልገባቸው መስሎኝ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ ምን እንደነካኝ እንጃ።

«አንድ ቀን ደርሶብኛል» አሉ በመጨረሻ። «ቁጥቋጦ ውስጥ አድፍጬ ሳለሁ አንዱ ወደ እኔ መጣ። አነጣጠርኩበት። ሊደርስብኝ ሲል ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ተደፋ።»

«ተኮሱ?»

«‹እኔን› አልኩ።»

ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። «ድምፅ አውጥተው?»

«አፌ ለምዶ። እናታችን ቤት ሰው ሲደናቀፍ ዝም አይባልም። በድምፄ የት እንዳለሁ አወቀ። ጠመንጃውን እንደያዘ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን።»

«የጠላት ውሳኔ» የሚለውን ሣጥን ከፈትኩና «እሱስ ምን አደረገ?» አልኩ።

ጋሼ ታደሰ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«አቧራውን አራገፈ። በመጣበት ከመመለሱ በፊት ግን፣ ‹አይንካህ› አለኝ።»