ሁለት ሲስተም በአንድ ቤት

ኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት እየከፈለ ሳለ መብራት ድርግም አለ።

ዛሬ ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የሚባል ሁለተኛ ሲስተም ልጭን ነበር። መጀመሪያ ፋይሎቼን ወደ ፍላሽ መገልበጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ግን አዳማ አይደል፣ "መብራት ሳይሄድ ቶሎ ልጨርስ" ብዬ ዘለልኩት።

መብራቱ ሲመለስ ዊንዶውሱም አልነሳም አለ፣ ሊኑክሱም የለም።

ውስጡ የአባዬ መዝሙር ነበር። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ጓዳ ውስጥ ሲዘምር በካሴት ተቀድቶ፣ ኋላ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ነው፤ ካሴቱም አባዬም ዛሬ የሉም። ጎረቤት እንዳይሰማ ሳሎን ሬዲዮ ይከፍቱ ስለነበር፣ ከላይ የአብዮት ማርሽ ይጮኻል፣ ከስር አባዬ አለ። (ሁለት ሲስተም በአንድ ቤት ማስኬድ እነሱ ያውቁበት ነበር።)

ኮምፒውተር የሚጠግነው ጓደኛዬ በስልክ "ንቀይው፣ ምንም እንዳትነኪ! በላዩ ሌላ ነገር ከተጻፈበት አለቀ" አለኝ። ነቀልኩት።

ለእማዬ ስነግራት አልተቆጣችም። "ያኔም መብራት ሲሄድ ሬዲዮው ዝም ስለሚል፣ አባትሽም አብሮ ዝም ይል ነበር" አለች። "መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።"

እንዲህ ሆኖባችሁ ፋይላችሁን ያስመለሳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። መብራት ከመጣ ቆይቷል፤ አባዬ ግን ዝም እንዳለ ነው።